ውጤቱ እስኪደርስ፤ ከድሬዳዋ እስከ ሱሉልታ

ሰበታን፣ ቡራዩን ወይም ሱሉልታን ልይ ብሎ ከድሬዳዋ የሚነሳ ሰው አላውቅም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድማ ሞልቷል። ነጋዴው መርካቶ ይሄዳል፣ ባለጉዳዩ መሥሪያ ቤት፣ ታማሚው ሆስፒታል። በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች ግን ብናያቸውም በመኪና መስኮት ነው፤ «ደረስን እንዴ?» ብለን ጠይቀን «ገና ነው» ሲሉን መልሰን የምናንቀላፋባቸው ቦታዎች ናቸው። እኔ ባለፈው የግማሽ ዓመት እረፍት ሦስቱንም አይቼ ተመልሻለሁ። እንዴት ነበር የሚሉኝ ባልደረቦቼ ስለበዙ፣ በየክፍለ ጊዜው ማብቂያ ለእያንዳንዱ ከማወራ ብዬ ጻፍኩት።

የሄድኩት ለደም ምርመራ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የእንቁላል ዕጢ ካንሰር ተገኝቶብኝ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ፣ ኬሞ ወስጄ ነበር። የተኛሁበት ክፍል አራት አልጋ ነበረው፤ አራታችንንም የያዘን ያው አንድ በሽታ ነው። እትዬ ወርቅነሽ ከሰበታ፣ ሐያት ከቡራዩ፣ ቶለሺ ከሱሉልታ፣ እኔ ሮማን ደግሞ ከድሬዳዋ። ፀጉራችን አብሮ ረገፈ፣ አብሮ በቀለ። ስንለያይ ሐያት በቴሌግራም ግሩፕ ከፈተችና ስሙን «አራት አልጋ» አለችው።

በዚያ ግሩፕ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው። እንደኛ ያለች ሴት በየጥቂት ወሩ ደም ሰጥታ የምታሳየው ነገር አለ፤ ሐኪሞቹ ሲኤ መቶ ሃያ አምስት ይሉታል። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከቆየ እሰየው ነው። ደጋግሞ ከወጣ፣ በሽታው ተመልሶ ይሆናል ተብሎ ሌላ ምርመራ ይታዘዛል። ስለዚህ አንዳችን ውጤት የምንቀበልበት ቀን የአራታችንም ቀን ነበር።

ባለፈው ጊዜ መንገዱ ስላልተመቸኝ እዚሁ ድሬ አሠራሁ። ቁጥሩ ከለመድኩት ከእጥፍ በላይ ሆኖ መጣ። የአዲስ አበባው ሐኪሜ በስልክ «አትደንግጪ፤ ወደዚህ ነይና እንደገና እናየዋለን» አለኝ። አትደንግጪ ማለት ለእሱ ቀላል ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ቶለሺ ከግሩፑ ከወጣች ወራት አልፈዋል። ምንም ሳትል ነው የወጣችው። ስደውል ባሏ ኦቦ ለታ ያነሳና «ደህና ናት፣ ተኝታለች» ይለኛል። ሆስፒታል ሳለን የቶለሺ አልጋ ከእኔ አልጋ ጋር ጎን ለጎን ነበር። መርፌ ሲሰካብን እጃችንን በመሐል ዘርግተን የምንያያዝ ሴቶች ነን። የሳቋ ድምፅ ናፍቆኝ፣ የድሮ የድምፅ መልእክቶቿን እየመለስኩ እሰማ ነበር፤ ከስልክ ውስጥ ሰው ማውጣት የሚቻል ይመስል።

ለባለቤቴ ሦስቱንም ቤት ሳልዞር አልመለስም አልኩት።

«አቦ፣ ለምርመራ ነው ወይስ ለጥየቃ?»

«ለሁለቱም።»

«ሂጂ እንግዲህ። ብቻ ወፍራም ልብስ ያዢ።»

አልያዝኩም። በድሬ ሙቀት መሐል ቆሞ ስለ ብርድ ማሰብ እንዴት ይቻላል?

ማክሰኞ፤ በባቡር ወደ ሰበታ

ባቡር ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ መልካ ጀብዱ በኩል ስለሆነ በማለዳ በባጃጅ ሄድኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ለልጇ ሠርግ ልብስ ልትገዛ የምትሄድ የሶማሌ እናት ነበረች። ቴምርና ሳምቡሳ ይዛለች፤ ገና ሳንነቃነቅ አካፈለችኝ። ሚኤሶን እንዳለፍን ባቡሩ ቀስ ብሎ ቆመ። ሁላችንም ወደ መስኮቱ ተንጠራራን። ግመሎች ሐዲዱ ላይ ቆመዋል። ጥሩምባው ቢነፋም ዞር ብለው አያዩትም።

«ግመል አይቸኩልም» አለችኝ ሴትየዋ። «አንቺ ወዴት እየቸኮልሽ ነው?»

ነገርኳት። እኛ የድሬ ሰዎች ሕመም መደበቅ አንችልበትም። የለበስኩት ሽቲ ቀሚስ ላይ፣ ልክ የቀዶ ጥገናው ጠባሳ ካለበት በላይ መዳፏን አሳርፋ ዱዓ አደረገችልኝ። ግመሎቹ ሄዱ፤ እኛም ሄድን።

አዳማን ካለፍን በኋላ ሰው ሁሉ ከየሻንጣው ሹራብ ያወጣ ጀመር። እኔ የማወጣው አልነበረኝም። አዲስ አበባ ጫፍ፣ ፉሪ ለቡ ጣቢያ ስወርድ ፀሐይዋ እያለች ይበርደኝ ነበር። ይህ ነገር እስካሁን አይገባኝም፤ እኛ ዘንድ ፀሐይና ብርድ አብረው አይውሉም። ከዚያ በሚኒባስ ዓለም ገና፣ ከዓለም ገና በሌላ ሚኒባስ ሰበታ ገባሁ።

ሰበታ በአንድ መንገድ ላይ እንደ ልብስ የተሰጣች ከተማ ናት። ድሬ ውስጥ ከቤትሽ ወጥተሽ በዛፍ ጥላ ዞር ዞር ብለሽ ትመለሻለሽ፤ እዚህ ሁሉ ነገር በጅማ መንገድ ግራና ቀኝ ነው። የጭነት መኪና፣ የፋብሪካ በር፣ ከኋላ የአበባ እርሻው ነጭ ላስቲክ፣ ከሁሉም በላይ አረንጓዴ ተራራ። ተራራው ግን ደስ አለኝ። የእኛ ተራሮች ራቁታቸውን ናቸው።

እትዬ ወርቅነሽ መንገድ ዳር ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። ከሰሜን ሸዋ በልጅነቷ መጥታ፣ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሠርታ ጡረታ የወጣች ባለ ነጭ ፀጉር ሴት ናት።

«እትዬ፣ እንዴት ነሽ!» ብዬ ተጠመጠምኩባት።

አብራት የመጣችው የልጇ ሚስት ጫልቱ ክው ብላ አማቷን አየች። በዚያ አገር ለእሷ ዕድሜ አንቱ ነው የሚባለው፤ ጫልቱም እንደዚያ ነው የምትላት። እትዬ ግን ሳቀች።

«ተያት፣ የድሬ ልጅ ናት። እግዜርን ሁላችንም አንተ አይደል የምንለው? እኔ ማን ነኝና!»

በጽሑፍም እሷ እያልኩ መቀጠሌን የሚቀየም አንባቢ ካለ እትዬን ይጠይቅ።

ጋቢዋን አልብሳኝ ወደ ቤት ወሰደችኝ። እራት ጎመን በሥጋ ነበር። የእኔን በትንሽ የልጅ ሰሃን አድርጋ ለብቻው አቀረበች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ጥቂት ጨመረች። ጫልቱ «እንግዳ እንዲህ ይስተናገዳል?» ብላ አፈረች። እኔ ግን እንባዬ መጣ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ብዙ በአንድ ጊዜ አይገባልኝም፤ ዘመድ ሁሉ «ብዪ እንጂ!» ሲለኝ ነው የሚውለው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቅ የታመመ ብቻ ነው።

ስለ ቁጥሬ ነገርኳት።

«እኔ ቁጥሩን አላውቀውም» አለች። «የሚያነበው ልጄ ነው። ‹እማዬ ደህና ነው› ካለኝ ደህና ነኝ። አንድ ጊዜ ‹ትንሽ ከፍ ብሏል› አለኝና አልጋ ያዝኩ። ሳላየው የሚጥለኝ ቁጥር ምን ዓይነት ቁጥር ነው? በኋላ ሲታይ ምንም አልነበረም።»

«ቶለሺስ?»

ጋቢውን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ። «ዝም ያለ ሰው ወይ ተቀይሟል ወይ ታሟል። ቶለሺ ደግሞ መቀየም አትችልበትም።»

ረቡዕ፤ ደም ሰጥቼ ወደ ቡራዩ

እትዬ ብቻሽን አትሄጂም ብላ አብራኝ ወጣች። ጾም ነው፣ ቅዝቃዜ ነው ብላት አልሰማችኝም። አዲስ አበባ የገባነው በአየር ጤና በኩል፣ ሚኒባሱ ውስጥ ተጣብበን ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ የምመረመርበት ላቦራቶሪ ስንደርስ ሌላ ችግር መጣ፤ ደም ሥሬ ጠፋ። ከኬሞው ወዲህ ይደበቃል። ባለሙያዋ አንዱን ክንዴን ወግታ አጣች፣ ሌላውንም ወግታ አጣች። ልጅቷ ተጨነቀች፤ እኔም ከእሷ ብሼ ተጨነቅሁ።

«በርዷት ነው፣ ቆይ» አለች እትዬ። እጄን በነጠላዋ ጠቅልላ በሁለት መዳፏ ታሸው ጀመር። እያሸች ትጸልያለች፣ እየጸለየች ልጅቷን «አይዞሽ፣ አንቺም አትደንግጪ» ትላታለች። እጄ ሞቀ። ደሙም መጣ።

«ውጤቱ ዓርብ በስልክ ይደርስሻል» ተባልኩ።

እትዬን ወደ ሰበታ ሸኝቼ እኔ የቡራዩ ሚኒባስ ያዝኩ። ያልተኛሁበት ሰሞን ስለነበር እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ ቡራዩን አልፈን ገፈርሳ ግድብ ደርሰናል። ደንግጬ ወረድኩ። ውሃው እንደ መስታወት ተኝቷል። የድሬ ሰው ይህን ያህል ውሃ አንድ ቦታ ተጠራቅሞ ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም፤ እኛ ወንዛችንን የምናየው ጎርፍ ሲመጣ ነው። ቆሜ አየሁት።

«አካም ጅርታ?» ብሎ ሰላም አለኝ መንገድ ዳር መኪና የሚጠብቅ ሽማግሌ።

«ነጋያ» አልኩት፤ እኛ አገር እንደሚባለው።

ሰውዬው ሳቀ። «ከሐረርጌ ነሽ! ምን ጣለሽ እዚህ?»

ደውዬላት ሐያት ባጃጅ ይዛ እስክትመጣ ድረስ የእሱ መኪና ሁለቴ ቢያልፍም ጥሎኝ አልሄደም። ሴት ልጅ ብቻዋን መንገድ ላይ አትቆምም አለ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ተለያየን፤ እሱም እኔን አልጠየቀኝም።

ሐያት ከአራታችን ትንሿ ናት። መርካቶ ተወልዳ ያደገች፣ የቤተሰቧ ሰፈር ሲፈርስ ቡራዩ ሁለት ክፍል ተከራይታ ከእናቷ ጋር የምትኖር ሴት። አሁንም መርካቶ ጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ውስጥ ስለምትሠራ በየቀኑ ትመላለሳለች።

«እዚህ ጸጥታው አያስተኛኝም» አለችኝ ሩዝ እያቀረበች። «ከመስኮቴ ሥር ሰው ካልተጨቃጨቀ የሞትኩ ነው የሚመስለኝ።»

እኔም ስለ ድሬ ምሽት ነገርኳት፤ ሰው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ደጅ ስለሚወጣበት፣ ንፋሱ ሲመጣ ከተማው በሙሉ «እፎይ» ስለሚለው። አንዳችን የሌላችንን ናፍቆት እያዳመጥን ሩዙ ቀዘቀዘ።

ስለ በሽታችን ከሁላችን ይበልጥ የምታነበው እሷ ናት፤ ያልገባትን ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትወጣም። የድሬውን ውጤት አሳየኋት።

«ይኼን ከአዲስ አበባው ጋር ለምን ታስተያዪዋለሽ?» አለች። «የተለያየ መሣሪያ የተለያየ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። አንድ ቦታ ጀምረሽ እዚያው ነው የምትከታተዪው። ደግሞ ካንሰር ሳይሆን ሌላ ሕመምም ከፍ ሊያደርገው ይችላል።»

«ተመልሶ ከሆነስ?»

«ከሆነም በአንድ ቁጥር አይፈረድም። ሐኪም ያይሻል፣ ሲቲ ስካን ትነሻለሽ። ሮሚዬ፣ ቁጥሩ በር ሲያንኳኳ ነው፤ ማን እንደመጣ ከፍተሽ ነው የምታውቂው።»

ይህን ሁሉ በልበ ሙሉነት ስትናገር ቆይታ፣ «ነገ ሱሉልታ አብረን እንሂድ» ስላት ግን ድምፅዋ ወረደ።

«ሥራ አለኝ።»

«ቅዳሜ ወደ ድሬ ከመመለሴ በፊት...»

«ሥራ አይደለም» አለች። «ፈራሁ። ከወጣች ጀምሮ ስልኩን አንስቼ አስቀምጣለሁ። ፊቷ ላይ የራሴን ነገር የማይ ይመስለኛል።» እናቷ እንዳትሰማ ቀስ ብላ አለቀሰች። ጠዋት ግን ከሥራ በፊት ተነስታ፣ ከእናቷ ሳጥን ለስላሳ ሻርፕ አውጥታ «ለቶለሺ» ብላ ሰጠችኝ። የራሷንም ወፍራም ሹራብ በግድ አለበሰችኝ።

ሐሙስ፤ ሱሉልታ

ከቡራዩ በአስኮ አድርጌ አዲሱ ገበያ ሄድኩ፤ የሱሉልታ ሚኒባስ የሚነሳው ከዚያ ነው። መንገዱ ባሕር ዛፍ መሐል እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። ቱታ የለበሱ ሯጮች ዳገቱን ሲሮጡ አየሁ፤ እኔ ተቀምጬም ትንፋሽ አጥሮኛል። ጫፍ ላይ ደርሰን ወደ ታች ስናይ ሜዳው ተዘረጋ፤ የደረቀ ሣር ክምር፣ ላሞች፣ ያላለቁ ቤቶች። ንፋሱ ከዚያ ሜዳ ላይ ተነስቶ ነው የሚመታሽ። የሐያት ሹራብ ባይኖር ምን ልሆን ነበር?

ወተት መሰብሰቢያው በር ላይ አንዲት ሴት የኦቦ ለታን ቤት ጠየቅኋት።

«ለቶለሺ ነው?» አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ በኋላ የነገረችኝ የለም። የወተት ቆርቆሮዋን አስቀምጣ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ያቺ ዝቅ ያለች ድምፅ ሁሉን ነገረችኝ።

ኦቦ ለታ አጥሩ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ረጅም፣ ከሲታ ሰው። ማን መሆኔን ስነግረው በስልክ የሚለውን ደገመ። «ደህና ናት፣ ተኝታለች።»

ከጓሮ ድምፅ መጣ። «ለታ! ኤኙ?» ማን ነው ማለቷ ነው።

«እኔ ነኝ! ድሬ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ሆስፒታል እያለን የምትጠራኝ እንደዚያ ነበር።

ከዚያ ሳቋ ተሰማ። ያ ወራት በስልክ ውስጥ የፈለግሁት ሳቅ፣ አሁን ከሣር ክምር ጀርባ መጣ። ኦቦ ለታ ከበሩ ዞር አለልኝ።

ፀሐይ ላይ፣ ክምሩን ተደግፋ ተቀምጣለች። ፊቷ ከስቷል፤ ሆዷ ተነፍቷል። ያ ሆድ ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም፣ እኔም በሽታው የታወቀልኝ በእሱ ነው። እቅፍ አደረግኋት። አጥንቷ በእጄ መሐል ይቆጠር ነበር።

«አታልቅሺ» አለችኝ። «ካለቀስሽ እኔም አለቅሳለሁ፣ እኔ ካለቀስኩ ደግሞ ሆዴን ያመኛል። ቁጭ በይ። መጀመሪያ ወተት ጠጪ።»

ጠጣሁ። ድሬ የሚጠጣውን ወተት ወተት ብለን መጥራታችንን እናቁም። ከዚያ ጠየቅኋት።

«ለምን ወጣሽ ከእኛ?»

የሐያትን ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠቀለለች። «ምን ልበላችሁ? ሐያት ‹ወረደ› ብላ አበባ ትልካለች። እትዬ ‹ተመስገን› ትላለች። አንቺ እልል ትያለሽ። የእኔ በዚያ ሰሞን ወጣ። እንደገና ሲታይም ወጣ። ሠርግ ቤት ለቅሶ ይዤ ልግባ?»

«ብትነግሪን እኮ እንመጣ ነበር።»

«እሱን አውቃለሁ። ትመጡ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ደም ልትሰጡ በሄዳችሁ ቁጥር የምታስቡት እኔን ነው። ለታን ‹ደህና ናት በላቸው› አልኩት። ምስኪን፣ ውሸት አይችልበትም።»

«ምንም አይችልበትም» አልኳት፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቷ ተለወጠ። «አንድ ነገር ልንገርሽ ድሬ። ሲወርድ ምን እንደሚባል አራታችንም እናውቃለን። ሲወጣ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አልነገረኝም። ብቻዬን ነው የተማርኩት።»

ከዚያ ነገረችኝ። ሁለተኛ ዙር ኬሞ እየወሰደች ነው፤ አንዳንዴ አቅም ስታጣ ያሳርፏታል። ሆዷ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ ሆስፒታል በመርፌ ሲያወጡላት መተንፈስ እንደገና ምን እንደሚመስል አወቀች፤ እንደሚቻል ሳታውቅ ግን ስንት ጊዜ ታፍና ከርማለች። የሕመም ማስታገሻውን መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር፤ ለሚሞት ሰው ብቻ የሚሰጥ መስሏት። «ያን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ተሰቃየሁ። ስወስደው እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ጠዋት ላሞቹን ላይ ወጣሁ።» ጥቂት ጥቂት መብላት፣ ቀና ብሎ መተኛት፣ ሐኪሙን «ይህ መድኃኒት ለምንድን ነው?» ብሎ ሳያፍሩ መጠየቅ። አንዱን ነገር ጀምራ ሌላው ይመጣባታል፤ ወራት የተጠራቀመ ነው።

«ለሠፈር ሴቶችም እነግራለሁ» አለች። «ሆዴ ይነፋኛል፣ ትንሽ በልቼ እጠግባለሁ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይለኛል የምትል ካለች ጨጓራ ነው ብላ አትቀመጥ። እኔ ዓመት ሙሉ የጨጓራ መድኃኒት ስውጥ ነበር አይደል? ያቺ ያመጣችሽ ወተት ሻጭ እኔ ልኬያት ታየች። የእሷስ እውነትም ጨጓራ ሆኖ ተገኘ!» እንዲህ ስትል ደስታዋ የራሷ ውጤት የተነገራት ይመስል ነበር።

ማታ ጭኮና እርጎ አቀረቡልኝ። ጭኮ በገብስ ዱቄትና በቅቤ የሚሠራ ነው፤ ጥቂቱ ብዙ ይቆያል። ፍራሽ ከአልጋዋ ጎን አነጠፉልኝና እንደገና ጎረቤት ሆንን። ኦቦ ለታ ሁለት ብርድ ልብስ ደረበልኝ፤ አሁንም ስንቀጠቀጥ አይቶ ሦስተኛ አመጣ። ቶለሺ በጨለማው ውስጥ ትስቅብኝ ነበር።

ዓርብ፤ ውጤቱ

ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ሲቀልጥ ደጅ ተቀምጠን ነበር። ስልኬ ጮኸ። የላቦራቶሪው መልእክት ነው። ገልብጬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«እሱ ነው?» አለች ቶለሺ።

«በኋላ አየዋለሁ።»

«ስጪኝ።»

«ቶለሺ፣ ተይ...»

«ስጪኝ አልኩሽ። ከእኔ ልትደብቂ ነው? ይኼን ነው እንግዲህ የፈራሁት!»

ሰጠኋት። እኔ ውጤቴን ከእሷ መደበቄ እሷ የራሷን ከእኛ ከመደበቋ በምን ይለያል? ስልኩን ከፀሐይ በመዳፏ ከልላ አየችው። ቁጥሩ የድሮው ቁጥሬ ነበር፤ ያ የለመድኩት፣ ዝቅ ያለው። ቀና ብላ አየችኝና አፏን ከፍታ እልል አለች። አቅም የላትም፤ እልልታው መሐል ላይ ተቆረጠ። ትንፋሽ ወስዳ እንደገና ጨረሰችው። ኦቦ ለታ ከበረት ሮጦ መጣ። «ማል ታኤ? ምን ሆነ?»

«የድሬ ወርዷል!» አለችው።

እኔ አለቀስኩ። ስለ ቁጥሩ ደስ አለኝ፣ ስለ ደስታዬ ደግሞ አፈርኩ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

«ሲወጣ አልቅሺ» አለች ፊቴን በሻርፑ ጫፍ እየጠረገች። «ዛሬ አታበላሺብኝ።»

«እንግዲያው አንቺም ለእነሱ ንገሪ» አልኳት። «ትናንት የነገርሽኝን ሁሉ።»

«አንቺ ጻፊላቸው። አስተማሪ አይደለሽ?»

«እኔ አላውቀውም። የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ከዚያ ስልኬ ላይ ለግሩፑ በድምፅ መልእክት፣ በአማርኛ ጀምራ ሲከብዳት በኦሮምኛ እየቀጠለች ተናገረች። የወጣውን ቁጥሯንም ጠራችው። «ይኸው የእኔ» አለች። «ደብቄው ነበር። እናንተን የሚያስፈራ ከሆነ አትስሙት። የሚጠቅማችሁ ቀን ግን ከመጣ እዚህ አለላችሁ።» በመጨረሻም፣ «እትዬ፣ ገና አንቱ ነዎት ለእኔ፤ እንደ ድሬ ባለጌ አይደለሁም» ብላ ሳቀች።

ዓርብ ስለሆነ ወተት አልጠጣሁም። ቶለሺ እኔን እያየች የራሷን ጠጣች፤ የንስሐ አባቷ አዘዋታል። ስንሰነባበት ሁለታችንም ስለሚቀጥለው ጊዜ አንድም ቃል አልተናገርንም። ግንባሬን ስማ «ሂጂ፣ መኪና ያመልጥሻል» አለች። ኦቦ ለታ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። መኪናው ሲቆም «በስልክ ስለዋሸሁሽ አትቀየሚኝ» አለ። «ትናንትና ዛሬ ስትስቅ ሰማሁ። ቤታችን ረስቶት ነበር።»

ከሰዓት ሐኪሜ ጋ ደረስኩ። መርምሮኝ፣ ቁጥሩ እንደ በፊቱ እንደሆነ፣ ከእንግዲህ አንድ ቦታ እንድመረመር፣ ሆዴ ከተነፋ ወይም ካመመኝ ግን ቀጠሮ ሳልጠብቅ እንድመጣ ነገረኝ። ማታውን ሐያት ጋ አደርኩ። የቶለሺን ድምፅ ደጋግማ ስትሰማ አመሸች።

ቅዳሜ፤ ወደ ቤት

የመልሱ ባቡር ምንም አልገጠመውም። ከአዋሽ በኋላ ሹራቡን አወለቅሁ። መልካ ጀብዱ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ዘመድ አቀፈኝ፤ ባለቤቴ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሳምንቱን ሙሉ የናፈቀኝ ይህ ነበር፤ ደጅ ላይ ወንበር፣ ሐብሐብ፣ የማታው ንፋስ። ሁሉም ነበረ። ደጅ ላይ ተቀምጬ ሐብሐቤን ስበላ ግን ሐሳቤ ያ የሣር ክምር ጋ ነበር፤ አሁን ፀሐይዋ ከክምሩ ላይ ወርዳለች፣ አሁን ኦቦ ለታ ወደ ቤት እያስገባት ነው እላለሁ።

በማግስቱ እሑድ ሐያት ሱሉልታ ሄደች። እትዬም ከሰበታ ተነስታ አብራት ሄደች። ቶለሺ ወደ ግሩፑ ተመልሳለች። አሁን ቁጥር ብቻ አንላላክም፤ ምን በላሽ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ ወይ፣ ሐኪሙን ምን ጠየቅሽው እንባባላለን። የሐያት ጎረቤት እናትም በቅርቡ ገብታለች፣ ሌሎችም ይጠይቁናል። የቶለሺ ቁጥር ትንሽ ወርዶ ነበር፤ አሁን ባለበት ቆሟል። ኬሞ በምትወስድበት ቀን ሐያት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ አጠገቧ ትቀመጣለች። ምን እንደሚሆን ሐኪሙም አላወቀም፣ እኛም አላወቅንም።

የእኔ ቀጣይ ምርመራ ክረምቱ ሳይገባ ነው። ከታመምኩ ጀምሮ የምርመራ ቀን ሲቀርብ እህል አይወርድልኝም ነበር፤ ቀኑ ባይመጣ እያልኩ ስለምን ኖሬያለሁ። አሁን ግን ሦስቱንም ቤት እንደገና የምዞርበት ነውና ቶሎ ድረስ እለዋለሁ። የምርመራ ቀን ሲናፍቀኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።